የደጃፌ ጎርፍ ወዴት ይሂድ?

ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት የሠራ ሰው ግድግዳውን ቀለም ካስቀባ በኋላ ቀጥሎ የሚያስበው ግቢውን ሊሾ ማድረግ ነው። ይህን የምለው ልነቅፍ ብዬ አይደለም። የሊሾን ናፍቆት የሚያውቀው ክረምቱን በጭቃ የገፋ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ከውጭ በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ያለችውን መንገድ በድንጋይ ላይ እየዘለለ የሚያልፍ ቤተሰብ፣ ለተዝካር ድንኳን ሲተከል ካስማው ጭቃ ውስጥ የሚሰምጥበት አባወራ ስሚንቶ ቢመኝ አይፈረድበትም። ሊሾ ላይ በርበሬ ይሰጣል፤ እህል ይበጠራል፤ ጌሾ ይደርቃል፤ ልጆች ኳስ ያንከባልሉበታል። ባለቤቴም ለዓመታት የምትመኘው ይህንኑ ነበር፤ እውነቷን ነው።

ችግሩ ሊሾ ውሃ አለመጠጣቱ ነው። ከተማችን ከጮቄ ተራራ በስተደቡብ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ተቀምጣ በዓመት በአማካይ 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከዚህ አብዛኛው የሚወርደው በአራቱ የክረምት ወራት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣራውና ሊሾው ተደምሮ 200 ካሬ ሜትር የሚሆን ግቢ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት 6,000 ሊትር፣ ማለትም 30 በርሜል ውሃ በአጥሩ ሥር ያስወጣል። በአንድ መንደር ውስጥ እንዲህ ያሉ ዐሥር ግቢዎች ካሉ 300 በርሜል ነው። ያ ሁሉ ውሃ ታዲያ ከታች ካለው ሰው በር ላይ ይደርሳል።

የኛ መንደር ተዳፋት ነው። ከላይ ያሉት ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ግቢያቸውን በስሚንቶ ሲደፍኑ ጎርፉ ከዓመት ዓመት እየበረታ መጣ። ከእኔ ግቢ በታች፣ አጥር ለአጥር፣ አንዲት እናት በጭቃ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ቤታቸው በእንጨትና በጭቃ የተሠራ የድሮ ቤት ነው። ነሐሴ ሲገባ የግድግዳቸው እግር ይርሳል፤ ምርጉ እየተላጠ ይወርዳል፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ በጭድና በጭቃ እንደገና ያስመርጉታል። እኔ ሊሾ ባፈስ የኔ 30 በርሜል በቀጥታ የሚያርፈው እሳቸው ግድግዳ ላይ ነው። ይህን እያወቅሁ ስሚንቶ ላፈስ አልቻልኩም። ባለቤቴም ነገሩን በእማማ በኩል ስታየው ዝም አለችና፣ «እንግዲያው ጭቃም የሌለው፣ ውሃም የማያስወጣ ነገር ፈልግ» አለችኝ። ፍለጋው የተጀመረው እንዲህ ነው።

ጠጠር ብቻ ማልበስ በርካሽ ያልቃል፤ ዝናብንም ያሳልፋል። ተዳፋት ላይ ግን የመኪና ጎማ እየገፋ ወደ ታች ይሰደዋል፤ በሁለተኛው ክረምት ከላይ መሬቱ ይራቆትና ጠጠሩ በሙሉ በሩ ሥር ተቆልሎ ይገኛል። መሐሉ ቀዳዳ ሆኖ ሣር የሚበቅልበት የኮንክሪት ብሎኬት በፎቶ አይቼ ወድጄው ነበር፤ እኛ ከተማ ግን ላገኘው አልቻልኩም። ያለ አሸዋ፣ በጠጠርና በስሚንቶ ብቻ የሚቦካ ኮንክሪትም አለ። በጠጠሮቹ መሐል ክፍተት ስለሚተው ውሃ ከላይ ሲፈስበት እታች ድረስ ያሳልፋል። የዚሁ ዘመድ የሆነውን፣ ውሃ የሚያሳልፍ አስፋልት፣ አሜሪካኖች ፊላዴልፊያ ከተማ ባለው የፍራንክሊን ተቋም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ አጥንተውታል። ቻይናዎች ደግሞ በዚሁ አቆጣጠር በ2012 ቤጂንግን ጎርፍ መትቷት 79 ሰው ከሞተ በኋላ ነገሩን የመንግሥት ሥራ አድርገውት በ2015 በ16 ከተሞች ጀመሩት፤ ከተማው ዝናቡን እንዲመጥ መንገዱን፣ መናፈሻውን፣ ጣራውን ሁሉ አዘጋጁ። እኛ ጋ ያለ አሸዋ የሚቦካውን ኮንክሪት በልኩ የሚያቦካ ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው፤ ጭቃ ከገባበት ደግሞ ክፍተቱ ይደፈናል፤ አንዴ ከተደፈነም ማጽዳቱ አቅም ይጠይቃል።

የቀረው ኮብልስቶን ነው። ለጎጃም ደጋ ከዚህ የሚስማማ ነገር ያለ አይመስለኝም። ጮቄ ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፤ የረገጥነው ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ነው። ድንጋይ ጠረባው እንዲህ እንደዛሬው የተስፋፋው በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ በከተሞቻችን ሥልጠናው ከተጀመረ ወዲህ ነው። ስንት ወጣት በመዶሻና በመሮ እንጀራ እንዳገኘበት ሁላችንም አይተናል። «ዲግሪ ይዞ ድንጋይ ጠረባ» ተብሎ ብዙ ተወርቷል፤ እኔ ግን ያ ሥራ ሊከበር ይገባዋል እላለሁ፤ የከተማችንን ስንት የውስጥ መንገድ ከጭቃ ያወጣው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የመንገዱ ኮብልስቶን ውሃ አይጠጣም። ሰው ድንጋዩ በስሚንቶ አለመያያዙን ያይና ያሰርጋል ብሎ ያስባል። መንገዱ ሲሠራ ከሥር ሰለክት የሚባለው የአፈርና የጠጠር ድብልቅ ይለበሳል፤ በሮለር ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ አሸዋ ይነጠፍና ድንጋዩ ይደረደራል። ሰለክቱ ውስጥ ያለው ደቃቅ አፈር ሲጠቀጠቅ ውሃን አያሳልፍም፤ የመኪናውን ክብደት እንዲሸከም ነው የተሠራው፤ ዝናቡን በየዳሩ ያለው ቦይ እንዲወስድለት ነው የታሰበው። ስለዚህ ግቢዬ እንዲጠጣ ከፈለግሁ ዋናው ሥራ ከድንጋዩ ሥር ነው። ከሥር የሚገባው ጠጠር ታጥቦ ከአቧራ የጸዳ፣ መጠኑ የተቀራረበ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ጠጠር ሲከመር ከይዘቱ 40 በመቶ ያህሉ ባዶ ቦታ ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጠጠር ንጣፍ 12 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይይዛል ማለት ነው። መኪና መግቢያዬ 60 ካሬ ሜትር ነው። አባዙት፤ 7,200 ሊትር ይሆናል። ያ 6,000 ሊትር የግቢዬ ጎርፍ እዚያው ከእግራችን ሥር ሊቀመጥና ቀስ እያለ ወደ መሬት ሊሰርግ ይችላል። ይህን ሒሳብ በወረቀት ሠርቼ ለባለቤቴ ሳሳያት፣ ከበርበሬው ማስጫ ይልቅ ለዚህ ልቧ ተነሣ።

ግንበኛው በሥራው የሚኮራ፣ እጁ የተፈታ ወጣት ነው። ነገሩን ስነግረው ቅር አለው። «ጋሼ፣ መጋጠሚያውን በስሚንቶ ካልሞላሁት ሰው ምን ይለኛል? ድንጋዩ ይናጋል፤ ሥራ አይችልም እባላለሁ» አለኝ። ስሙን መጠበቁ ነው። ዳርና ዳሩን በስሚንቶ እናስርልሃለን፣ መሐሉ ብቻ በደቃቅ ጠጠር ይሞላል ብዬ ተለማመጥኩት። በመጨረሻ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ለሙከራ ደረደረና መኪና አስነዳበት፤ ድንጋዮቹ ጠበቅ ብለው ከተገጠሙ አንዱ ሌላውን እንደሚይዘው በዓይኑ ካየ በኋላ ከኔ በላይ ለነገሩ ተቆርቋሪ ሆነ።

ቀጥሎ የመሬቱ ጉዳይ መጣ። ግቢዬ ከላይ በኩል ቀይ አፈር ነው፤ ወደ በሩ ሲወርድ ወደ ዋልካ ይለወጣል። እንዲህ ያለ አሰላለፍ በጎጃም የተለመደ ነው፤ ተዳፋቱ ቀይ፣ ሜዳው ጥቁር። ቀዩ አፈር ውሃ ያሰርጋል። ዋልካው ነው ፈተናው። አገራችን ላይ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር እንደሆነ ይገመታል፤ ገበሬው ባሕርዩን በደንብ ያውቀዋል። ግንበኛው በሚያዝያ በሩ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ ሞላበት፤ ውሃው ሽው ብሎ ጠፋ። ደግሞ ሞላ፤ ደግሞ ጠፋ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ስንቱን ይጠጣል!» ብሎ ደስ አለው።

በዕለቱ ከጎዛምን የመጡ አጎቴ አጠገባችን ቆመው ነበር። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዱላቸውን ወደ ጉድጓዱ ሰደዱና ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ አሳዩን። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። «የጠጣው አፈሩ አይደለም፤ ስንጥቁ ነው» አሉ። «ሰኔ ሲገባ አፈሩ ያብጣል፤ ስንጥቁ ይገጥማል። ከዚያ ወዲያ አንዲት ጠብታ አያሳልፍም። ይኼን ጉድጓድ ስትሞላው ሰንብት፤ ከዚያ ልካው።» የተባለው ተደረገ። ውሃ እየተሞላ ከሰነበተ በኋላ አፈሩ አብጦ ስንጥቁ ገጠመና፣ ማታ የሞላነው ውሃ ጠዋት እዚያው አገኘነው። ዋልካ ላይ ግቢ የሚያሠራ ሰው በበጋ የለካውን ልክ እንዳያምን አጥብቄ የምነግረው ስለዚህ ነው።

አጎቴ በዚያ አላበቁም። ዋልካ ላይ ውሃን የሚያሸንፍ የለም፤ መንገድ ማበጀት ነው እንጂ አሉ። ጎጃም ውስጥ ገበሬው ጥቁር አፈር ላይ ስንዴ ሲዘራ ሹሩቤ ያወጣል፤ ዘሩ ከፍ ባለው መደብ ላይ ሆኖ ውሃው በመሐሉ ባለው ፈር ይወርዳል። ተዳፋት ላይ ደግሞ ፈሰስ ይቀደዳል፤ ማሳውን አቋርጦ ትርፍ ውሃውን ወደ ዳር የሚያወጣ ቦይ ነው። «ያንተም ጉድጓድ ፈሰስ ያስፈልገዋል» አሉኝ። ቀጥለው፣ እኔ ልብ ያላልኩትን አንድ ነገር በዱላቸው መሬት ላይ ሥለው አስረዱን። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከጠጠሩ ሥር ያለው ውሃ ቁልቁል ሄዶ በሩ ሥር ይጠራቀማል፤ ላይኛው ጠጠር ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ጠጠሩ የሚገባበት ጉድጓድ ወለል እርከን እርከን ሆኖ መቆፈር አለበት፤ በየእርከኑ ጫፍም ጠበቅ ያለ አፈር ወይም ስሚንቶ ክትር ሆኖ ውሃውን በየደረጃው ማስቆም አለበት። በኋላ ስመረምር በውጭ አገር ያሉ መሐንዲሶችም ተዳፋት ላይ እንዲሁ እንደሚያደርጉ አነበብኩ። አጎቴ ያገኙት ግን ከማሳቸው ነው።

እርከን ከተነሣ አንጀኒን ሳላነሣ አላልፍም። ከደንበጫ አጠገብ ያለች ትንሽ ተፋሰስ ናት፤ ስፋቷ 113 ሄክታር ነው። በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመባት፤ በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ገበሬዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣውን፣ ፋንያ ጁ የሚባለውን የእርከን ዓይነት ሠሩባት። ቦዩ ይቆፈራል፤ አፈሩ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ይጣላል። ዓመት ባለፈ ቁጥር ከላይ የሚታጠበው አፈር ክትሩ ላይ እየተጠራቀመ ተዳፋቱ ራሱ ደረጃ ይሆናል። በዚያች መንደር በየዓመቱ የወረደው ዝናብ፣ የታጠበው አፈር፣ የወጣው ጎርፍ እየተመዘገበ ለዓለም ተመራማሪዎች ሁሉ መማሪያ ሆኗል። እኛ ከተሜዎች ግን ከገጠሩ ስንወጣ ይህን ሁሉ እውቀት ትተን መጣን። ማሳ ላይ ጎርፍን በክትር የሚያስቆም ገበሬ ልጁ ከተማ ሲገባ ጎርፍን በስሚንቶ ያፋጥናል።

ቁፋሮው ተጀመረ። መከራውም እዚያው ላይ ጀመረ። ያዘዝኩት የታጠበ 02 ጠጠር ነው፤ ሻጩም ተስማምቶ ቀብድ ወስዷል። ሲኖትራኩ መጥቶ ሲገለብጥ ግን የወረደው አቧራና ጠጠር የተቀላቀለ ገረጋንቲ ነው። ቀኑ ደግሞ ክፉ ቀን ነበር፤ ከመንደራችን ሰው ሞቶ የለቅሶ ድንኳን የተተከለበት፣ ሰው የሚመላለስበት ቀን ነው። ሾፌሩ ወደ ግቢው መግባት አይቻልም ብሎ መንገዱ አፍ ላይ አራግፎት ሄደ። ለቀስተኛ በክምሩ ላይ እየወጣ ሲያልፍ ሳይ አንጀቴ አረረ። ሻጩ ስልኩን ዘጋ። የለቅሶው ቤት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ወጣቶቹን አስተባብረው ዳር ዳሩን በአካፋ ጠርገው መተላለፊያ አበጁልን፤ ይህን ውለታ አልረሳውም።

ገረጋንቲውን እንዳለ አስገብቼ ብደለድለው ሥራው ሁሉ ከንቱ ነበር፤ ደቃቁ አፈር ባዶውን ቦታ ይሞላዋልና። ግንበኛው በሽቦ ወንፊት ሠርቶ ክምሩን ማበጠር ጀመረ። በርሜል ሙሉ ውሃ እየተቀዳ ጠጠሩ ታጠበ። ስናበጥረው ከግማሽ የሚበልጠው አፈር ሆኖ ተገኘ፤ የጎደለውን ከሌላ ሰው ገዛሁ። ይህን የምተርከው ለማማረር አይደለም። ጠጠር የምትገዙ ሰዎች ከመራገፉ በፊት ከመኪናው ላይ አንድ እፍኝ ወስዳችሁ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምሩትና አማስሉት። ውሃው ከደፈረሰና እታች ጭቃ ካረጋ አታስራግፉ።

የግንቦት ልደታ ሰሞን ያልጠበቅነው ከባድ ዝናብ ጣለ። ጉድጓዱ ገና ባዶ ነበር። ከላይ ያሉት ግቢዎች ሊሾ ያወረደው ጎርፍ በሙሉ በአጥሬ ሥር ገባና ጉድጓዱን ሞላው። አጎቴ ያስቆረጡን እርከኖች ዋልካው ላይ ያሉት ተንደው ወረዱ። የጎረቤት በግ ገብታ ስትንደፋደፍ ልጆች ጮኹና በገመድ ወጣች። ከዚያ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ያገኘነውን ሁሉ ይዘን ውሃውን ስናወጣ ዋልካው ቦት ጫማ ይነቅላል፤ አካፋው ላይ የተጣበቀው ጭቃ ከአካፋው ይከብዳል።

እማማ በዚያ ቀን ነጠላቸውን ደርበው መጡ። አልተቆጡም። ጉድጓዱን አዩት፤ ቀጥሎ የራሳቸውን ግድግዳ አዩ። «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ውሃ መሬት ውስጥ ከገባ በኋላ የሚመጣው እኔ ቤት ሥር አይደለም ወይ?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መሐንዲሶች በዚህ ላይ ያላቸው መመሪያ እንዲህ ያለ ውሃ ማስረጊያ ከቤት መሠረት ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ የሚል ነው፤ ዋልካ ላይ ያለ የጭቃ ቤት ሲሆን ደግሞ ከዚያም በላይ ቢርቅ ይሻላል። በእማማ አጥር በኩል ያለውን ሰፋ ያለ ቦታ ከማስረጊያው አስወጣነው። ከጉድጓዱ በዚያ በኩል ያለውን ግድግዳ በተጠቀጠቀ ዋልካ ለሰንነው፤ ውሃ የማያሳልፍ ባሕርዩ እዚህ ላይ ጠቀመን። በዋልካው እርከኖች ውስጥ ቀዳዳ የተበሳ የፒቪሲ ቱቦ ቀበርንና ትርፉን ውሃ ከእማማ ቤት አርቀን፣ በበሩ ማዶ ወዳለችው የጌሾና የኮክ ቦታ መራነው። ፈሰሱ ይኸው ነው። እማማ ሥራውን ቆመው እያዩ አስጨርሰው፣ «እንግዲህ እግዜር ያየዋል» ብለው ገቡ።

ድንጋዩ ሲደረደር ማየት ደስ ይላል። ግንበኛው እያንዳንዱን ጥርብ ድንጋይ አንስቶ መዳፉ ላይ ያገላብጠዋል፤ የትኛው ፊቱ ወደ ላይ እንደሚሆን ይወስናል፤ ሾጠጥ ያለውን ጎን ወደ ጠጠሩ አድርጎ ያስቀምጠውና በመዶሻው እጀታ ሁለቴ ይመታዋል። ድምፁን ሰምቶ ነው መቀመጡን የሚያውቀው። ሥሩ ባዶ የሆነ ድንጋይ ሌላ ድምፅ አለው፤ ያንን መልሶ ይነቅለዋል። በየመጋጠሚያው የታጠበ 00 ጠጠር በመጥረጊያ እየተገፋ ይገባል። አሸዋ አላስገባንም፤ አሸዋ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል ይደፍናልና። ዐሥር ሳንቲ ሜትር ድንጋይ፣ ከሥሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ደቃቅ ጠጠር፣ ከዚያ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ወፍራሙ ጠጠር። ሥራው ሰኔ ሳይጋመስ አለቀ።

ሐምሌ ገባ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል በረንዳ ላይ ወጥቼ አየሁ። ከጣራው በአሸንዳ የወረደው ውሃ ድንጋዩ ላይ ይደርስና ሁለት ሦስት ድንጋይ ተሻግሮ ይጠፋል። በበሬ ሥር የወጣ ጎርፍ የለም። ባለቤቴ ጃንጥላ ይዛ ወጥታ ድንጋዩን እየረገጠች ተመላለሰችበት። ጭቃ የለም። በዚያ ክረምት የእማማ ግድግዳ እግሩ ደረቅ ሆኖ ከረመ።

ነገር ግን ነሐሴ ላይ በላይኛው በኩል ያለው ድንጋይ ላይ ውሃ መቆም ጀመረ። ስመረምረው ከላይ ከሚገኙት ግቢዎች የሚመጣው ጎርፍ አፈር ይዞ በአጥሬ ሥር እየገባ መጋጠሚያዎቹን ደፍኗቸዋል። ውሃ የሚጠጣ ግቢ ሁሉ ጠላቱ ይኼ ነው፤ ንጹሕ ዝናብ አይጎዳውም፤ ደለል ግን ይገድለዋል። የተደፈነውን ቦታ ግንበኛው በጠፍጣፋ ብረት ፈልቅቆ አውጥቶ ንጹሕ ጠጠር መለሰበት። ዘላቂው መፍትሔ ግን ከላይ ካለው ጎረቤት ጋር መነጋገር ነበር።

በገጠሩ በፈሰስ የማይጣላ ገበሬ የለም። የላይኛው ሰው ፈሰሱን ወደ ታችኛው ማሳ ይለቀዋል፤ የታችኛው እህሌ ታጠበ ይላል፤ ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ይደርሳል። እኛም ከከተማው መሐል ሆነን ያንኑ አደረግን፤ ለቅሶው ላይ መንገድ ያበጁልን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጎረቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ውሃው የት እንደሚሄድ አይቶት አያውቅም ነበር እንጂ። በአጥሩ ሥር ካለው ሊሾ አንድ ሜትር ወርድ ያለውን ቆርጦ አነሣና ሣር አለበሰው፤ የጣራውንም አሸንዳ ወደ ሮቶ አስገባው። በሁለታችን አጥር መሐል ትንሽ የድንጋይ ቦይ ሠራን፤ ደለሉ እዚያ ይቀራል፤ በየጊዜው በአካፋ እናወጣዋለን። አሁን የሱ ቤተሰብ ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን ውሃ ክረምቱን ሙሉ ከሮቶው ይቀዳል።

ይህን ሁሉ ድካም ስለ አንድ ግቢ ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም። ከከተማችን በታች የሚፈሱት እነ ውትሪን፣ ከዚያም ጨሞጋ፣ ሁሉም ዓባይ ይገባሉ። የጨሞጋን ተፋሰስ ያጠኑት የጂኦግራፊ ምሁሩ ወልደአምላክ በውቀት እና ባልደረባቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1999 ያለውን የወንዙን ፍሰት መርምረው የበጋው ውሃ እየቀነሰ መምጣቱን አሳይተዋል። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ የመሬቱ አያያዝ መለወጥ፣ የሰውና የከብቱ መብዛት፣ የውሃ ፍጆታው አለ። ለኔ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው። በሐምሌ ሳይሰርግ የሄደ ውሃ በመጋቢት ከምንጩ አይገኝም። በመጋቢት ጀሪካን ይዘን ወረፋ የምንይዘው በክረምት በአጥራችን ሥር አሳልፈን የሰደድነውን ውሃ ፍለጋ ነው። ከተማው እየሰፋ፣ የእርሻ መሬቱ ቤት እየሆነ በሄደ መጠን ይህ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም።

ውሃ የሚጠጣ ግቢ እንክብካቤ ይፈልጋል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከክረምቱ በፊት፣ መጋጠሚያውን በጠንካራ መጥረጊያ መጥረግና የጎደለውን ደቃቅ ጠጠር መሙላት ያስፈልጋል። የመኪና ዘይት እዚያ ላይ መቀየር ክልክል ነው፤ ከሥር ያለው የሁላችንም ውሃ ነው። አፈርና አሸዋ ድንጋዩ ላይ ማራገፍም አይቻልም። በርበሬውን በተመለከተ ባለቤቴ በረንዳው ላይ ሸራ አንጥፋ ታሰጣለች፤ አልጎደለባትም።

ከተማ አስተዳደሩን አንድ ነገር እለምናለሁ። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ፕላኑ ላይ የመጸዳጃው ጉድጓድ የት እንደሆነ ይጠየቃል፤ የዝናቡ ውሃ የት እንደሚሄድም ይጠየቅ። ለኮብልስቶን ማኅበራቱም ውሃ የሚያሰርገው አሠራር በሥልጠና ይሰጣቸው፤ ሙያው በእጃቸው ነው፤ የጎደለው የታችኛው ንጣፍ እውቀት ብቻ ነው።

እናንተም ግቢያችሁን ሊሾ ልታደርጉ ያሰባችሁ፣ ስሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ከእናንተ በታች ያለውን ጎረቤት ቤት ሄዳችሁ የግድግዳውን እግር እዩት። ከዚያ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ጊዜ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ዋልካ ከሆነ ስንጥቁ እስኪገጥም ውሃ እየሞላችሁ ሰንብቱበትና ለኩ። ሙሉውን ግቢ በኮብልስቶን ለማልበስ አቅም ካጣችሁ የመኪና መግቢያውን ብቻ አድርጉት፤ እሱም ካልሆነ በአጥራችሁ ሥር አንድ ሜትር መሬት ሳይደፈን ተዉለት።